ኩባንያውን ለሽያጭ ያበቃው ቲዩነር፦ የማራንትዝ 10ቢ ጉዳይ

በ1964 አሜሪካ ውስጥ አዲስ ቮልስ በ1,600 ዶላር ገደማ ይገዛ ነበር። በዚያው ሰሞን ኒው ዮርክ ያለ አንድ ትንሽ ኩባንያ 600 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሬዲዮ ገበያ ላይ አዋለ። (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሬዲዮ ስል ደግሞ ስፒከር የለውም፣ አምፕሊፋየርም የለውም። ኤኤም አይዝም፣ አጭር ሞገድም አይዝም። የኤፍ ኤም ጣቢያ ይይዛል፣ ድምፁን ለአምፕሊፋየር ያቀብላል፣ በቃ። ፊቱ ላይ ግን ሞገድ የሚታይባት ትንሽ የኦሲሎስኮፕ መስታወት አለችው። እንዲህ ያለው ዕቃ ቲዩነር ይባላል፤ የዚህኛው ስም ማራንትዝ 10ቢ ነው።

ይህን ዕቃ ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ኩባንያውን ለሌላ ሰው እጅ አሳልፎ ሰጠው። ዕቃው ራሱ ግን ከ60 ዓመት በኋላም እየተፈለገ ነው። የድሮ ቲዩነር ገዝቶ ከቤቱ ሙዚቃ መሣሪያ ጋር ማገናኘት ለሚያምረው ሰው ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። 10ቢን እንዲገዛ አይደለም፤ ዋጋው አይቀመስም። ቲዩነር ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን ማድረግ እንደማይችል በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ሶል ማራንትዝ በ1911 ብሩክሊን ተወለደ። ሙያው የግራፊክስ ዲዛይን እንጂ ምሕንድስና አልነበረም። ነገሩ የተጀመረው ከመኪና ነው ይባላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የ1940 ሞዴል መርከሪ መኪናው ውስጥ የነበረውን ሬዲዮ ፈቶ አወጣና ቤቱ ሊሰማበት ፈለገ። የመኪና ሬዲዮ እንዲሁ ቤት ውስጥ አይሠራም። አንዱን ሲያሟላ ሌላው ሲጎድል፣ ያንንም ሲሠራ ሌላ ሲያስፈልገው፣ ሰውየው እዚያው ገብቶ ቀረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኦዲዮ ኮንሶሌት የሚባል ፕሪአምፕሊፋየር፣ ማለትም ድምፁን ወደ አምፕሊፋየር ከመግባቱ በፊት የሚያስተካክል ዕቃ ሠራ። መጀመሪያ 100 ፍሬ ነበር ያዘጋጀው፤ ዓመት ሳይሞላ 400 ትዕዛዝ መጣለት። በ1953 ኩባንያ አቋቋመ። ሲድኒ ስሚዝ የሚባል መሐንዲስ አብሮት ሠራ። ሞዴል 7 ፕሪአምፕሊፋየር፣ ሞዴል 8ቢና ሞዴል 9 አምፕሊፋየሮች ከዚያ ቤት የወጡ ናቸው። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሟቸው ሁሉ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

የቀረው ቲዩነር ነበር። እዚህ ላይ ጊዜው ራሱ ገፋፋቸው። የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኤፍ ኤም ስቴሪዮ እንዲሰራጭ በ1961 ፈቀደ፤ ሥርጭቱም ሰኔ 1 ቀን ተጀመረ። ከቀረቡት ዘዴዎች የተመረጠው የዜኒትና የጄኔራል ኤሌክትሪክ ነው። ዛሬ አዲስ አበባም፣ ሮምም፣ ዱባይም የምንሰማው ኤፍ ኤም ስቴሪዮ በዚሁ መሠረት የተሠራ ነው።

አሠራሩ ብልጠት አለው። ጣቢያው መጀመሪያ የግራና የቀኙን ድምር ይልካል። ሞኖ ሬዲዮ ይህንን ብቻ ሰምቶ ይረካል። በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ ጆሮ ከሚሰማው በላይ ከፍ አድርጎ፣ በ38 ኪሎ ኸርዝ ዙሪያ ይሸሽገዋል። በመካከል 19 ኪሎ ኸርዝ ላይ አንድ ቀጭን ምልክት ያስቀምጣል። ቲዩነሩ ያንን ምልክት ሲያገኝ «ስቴሪዮ ነው» ብሎ የተሸሸገውን ያወርዳል፣ ከድምሩ ጋር ደምሮና ቀንሶ ግራና ቀኝን ይለያል። የስቴሪዮ መብራት የምትበራው ለዚህ ነው።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። ከፍ ብሎ የተሸሸገው ክፍል ለሹሹታ የተጋለጠ ነው። ጣቢያው ደከም ካለ ስቴሪዮው ከሞኖው 20 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ የበለጠ ሊንሿሿ ይችላል። በሞኖ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ስቴሪዮ ሲሆን «ሽሽሽ» የሚለው ለዚህ ነው። በውድድሩ የተሸነፈው የመሪ ክሮዝቢ ዘዴ በሹሹታ በኩል ይሻል ነበር። ነገር ግን ጣቢያዎች ለሱቆችና ለቢሮዎች እየሸጡ ገቢ ያገኙበት ከነበረው የጎን ሙዚቃ ሥርጭት ጋር አብሮ አይሄድም። ገንዘቡ ጥራቱን አሸነፈው፤ እኔ እንደማየው ነገሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛውና የከፋው ጠላት የተንጸባረቀ ሞገድ ነው። ኒው ዮርክን አስቡ። ማስተላለፊያው ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ ነው፤ ዙሪያውን ፎቅ ነው። አንቴናው ላይ አንዱ ሞገድ በቀጥታ ይደርሳል። ሌላው ከሕንፃ ተጋጭቶ፣ ዞሮ ነው የሚመጣው። መንገዱ በ300 ሜትር ከረዘመ አንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ገደል ማሚቶ ንግግርን እንደሚያደበላልቀው ይህም ሞገዱን ያበላሸዋል። ልዩነቱ ይህኛው እንደ ማሚቶ አይሰማም። የሚሰማው የተቀደደ ድምፅ ነው። ዜና አንባቢዋ «ስ»ና «ሽ» ያለበት ቃል ስትናገር አፏ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስላል። ሶፕራኖ ድምፅ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ሞኖ ላይ ብዙም አያስታውቅም፤ ስቴሪዮ ላይ ያፈጣል።

ማራንትዝ ይህን ሥራ የሰጠው ሪቻርድ ሴኬራ ለሚባል መሐንዲስ ነው። ስሚዝም አብሮት ነበር። መጀመሪያ ሞዴል 10 ወጣ፤ ተሻሽሎ 10ቢ ሆነ። ትራንዚስተር እየገባ ባለበት ዘመን ይህ ዕቃ በቫልቭ የሚሠራ ነው፤ የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ሞልተውበታል።

ሁለት ነገሮቹ ላይ ልቆይ። አንደኛው ማጣሪያው ነው። ኤፍ ኤም ቲዩነር የያዘውን ጣቢያ ወደ 10.7 ሜጋ ኸርዝ ያወርድና እዚያ ላይ ያጣራዋል። ማጣሪያው ጠበብ ሲል ጎረቤት ጣቢያ አይገባም፤ ግን የሞገዱን ክፍሎች እኩል አያሳልፋቸውም። አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይወጣል። ስቴሪዮው የተሸሸገው ሞገዱ ጠርዝ አካባቢ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ማጣሪያው ሰፋ ሲል ደግሞ ጎረቤቱ ዘው ይላል። አብዛኛው ፋብሪካ በመካከል ይስማማል። እነ ሴኬራ አልተስማሙም። 18 ፖል ያለው ማጣሪያ ሠሩ (ፖሉ ሲበዛ ማጣሪያው ይበልጥ ስል ይሆናል)፤ ጎረቤትን በደንብ የሚያጥር፣ የጣቢያውን ሞገድ ግን ሳያዛባ የሚያሳልፍ። አንድ በአንድ ለክቶ ማስተካከል የሚጠይቅ ሥራ ነው። ገንዘቡ የሄደው በከፊል እዚህ ነው።

ሁለተኛው መስታወቷ ናት። ብዙ ሰው ለጌጥ ይመስለዋል። ጌጥም ናት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አረንጓዴው መስመር ሲንቀሳቀስ ማየት ደስ ይላል። ግን ሥራ አላት። ጣቢያው ልክ መሃሉ ላይ መያዙን ታሳያለች። የግራና የቀኙን ድምፅ ታሳያለች። ከሁሉም በላይ የተንጸባረቀውን ሞገድ ታሳያለች። ሞገዱ በአንድ መንገድ ብቻ ከመጣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ሌላ ሞገድ ከተቀላቀለ መስመሩ ይጎብጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ጸጉር ያበቅላል።

የጉዳዩ እምብርት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሌላው ቲዩነር የነበረው የምልክት ኃይል የሚያሳይ ቀስት ነው። ባለቤቱ አንቴናውን ያዞራል፣ ቀስቱ ጫፍ ሲደርስ ያቆማል። መስታወቷ ግን ያ ቦታ ብዙ ጊዜ ልክ እንዳልሆነ አሳየች። ቀስቱ የሚቆጥረው የሞገዱን ብዛት ነው፤ ቀጥታ የመጣውንና ተንጸባርቆ የመጣውን አይለይም። አንቴናው ትንሽ ዞር ሲል ኃይሉ ይቀንስና መስመሩ ይቀናል። ድምፁም ያኔ ይጠራል። እንግዲህ 600 ዶላር የከፈለ ሰው የተማረው ነገር መፍትሔው ጣሪያ ላይ መሆኑን ነው። ቲዩነሩ ሐኪም ነው ቢባል እንኳ መድኃኒቱን የሚሸጠው አንቴና ሻጩ ነበር።

የገንዘቡ ነገር አጭር ነው። ዕቃው ለመንደፍም ለመሥራትም ውድ ሆነ። ትንሽ ኩባንያ ያንን መሸከም አልቻለም። ማራንትዝ በ1964 ኩባንያውን ሱፐርስኮፕ ለሚባል የካሊፎርኒያ ድርጅት ሸጠ። ሱፐርስኮፕ የነጆ ቱሺንስኪ ነበር፤ የሶኒን ቴፕ መቅጃዎች አሜሪካ የሚያከፋፍሉት እነሱ ናቸው። ሶል ማራንትዝ እስከ 1968 በፕሬዚዳንትነት ቆየ፣ ከዚያ ወጣ። ኋላ ከጆን ዳልኲስት ጋር ሆኖ ስፒከር ሥራ ውስጥ ገባ። በ1997 አረፈ። ሴኬራ ግን ከዚህ የተማረ አይመስልም። በ1970ዎቹ በራሱ ስም 2,500 ዶላር የሚሸጥ ቲዩነር አወጣ፤ የዚያኛው መስታወት ደግሞ በአካባቢው ያሉትን ጣቢያዎች ጎን ለጎን አሰልፎ ያሳያል።

መስታወቷ ሱፐርስኮፕ እጅ ከገባ በኋላም አልጠፋችም። ሞዴል 19 እና 2500 የተባሉት የማራንትዝ ሪሲቨሮች (ቲዩነርና አምፕሊፋየር አንድ ላይ የያዙ ዕቃዎች) ላይ አለች። በ1990ዎቹ ኩባንያው የድሮ ሥራዎቹን እንደገና ሲያወጣ የመረጠው ሞዴል 7ን፣ 8ቢንና 9ን ነው። ቲዩነሩን አልነካውም።

አሁን ዕቃው ዛሬ ቤት ውስጥ ምን ይሆናል ወደሚለው እንምጣ። እዚህ ላይ ስለ ቲዩነሩ ብቻ ማውራት ዋጋ የለውም። ቲዩነር ጣቢያው ከሚልከው በላይ መስጠት አይችልም።

በ1960ዎቹ የሚላከው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነበር። ቦስተን ውስጥ ደብሊው ጂ ቢ ኤች የሚባለው ጣቢያ ጥቅምት 6 ቀን 1951 አየር ላይ የዋለው የቦስተን ሲምፎኒን ኮንሰርት በቀጥታ በማስተላለፍ ነው። እንዲህ ያለ ሥርጭት ቤት ሲደርስ በመካከል ሸክላ የለ፣ ቴፕ የለ። አዳራሹ፣ ማይክራፎኑ፣ ማስተላለፊያው፣ ቲዩነሩ፤ በቃ። ኤፍ ኤም ከ15 ኪሎ ኸርዝ በላይ አያሳልፍም፣ ሲዲ ከዚያ በላይ ይሄዳል። ቢሆንም ብዙ የድሮ ቲዩነር ወዳጆች ቤታቸው ካለው ሁሉ የቀጥታ ኮንሰርት ሥርጭትን ይመርጣሉ። አይፈረድባቸውም።

ኒው ዮርክ ላይ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ደብሊው ኪው ኤክስ አር የከተማው የክላሲካል ጣቢያ ነው። ለአሥርታት በ96.3 ሜጋ ኸርዝ ላይ ነበር። ጥቅምት 8 ቀን 2009 ባለቤት ሲቀይር ወደ 105.9 ተዛወረ። የማስተላለፊያው ኃይል ከ6,000 ዋት ወደ 610 ዋት ወረደ። ከመሃል ከተማ ራቅ ብሎ የሚኖር ሰው 10ቢው ምንም ሳይሆን አንድ ቀን ጠዋት ጣቢያው ደከመበት። በዚያ ላይ አሜሪካ ከ2002 ጀምሮ ኤችዲ ሬዲዮ የሚባለውን ፈቅዳለች፤ ጣቢያው በኤፍ ኤሙ ግራና ቀኝ ዲጂታል ሞገድ ይጨምራል። ሰፊ ማጣሪያ ላለው የድሮ ቲዩነር ይህ ተጨማሪ ሹሹታ ሊሆንበት ይችላል። ጣቢያዎች ደግሞ መኪና ውስጥ ጎልቶ እንዲሰማ ብለው ድምፁን ይጨመቁታል። ቀስ ያለው ሙዚቃና ጮክ ያለው እኩል ይሆናል። ለዚህ የትኛውም ቲዩነር መድኃኒት የለውም።

ቲዩነር ጤነኛ ሆኖ ጣቢያው ሲሞትበት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ኤፍ ኤምን የፈጠረው ኤድዊን አርምስትሮንግ ራሱ ደርሶበታል። በ1945 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤፍ ኤምን ከ42–50 ሜጋ ኸርዝ አንሥቶ ዛሬ ወዳለበት፣ ወደ 88 አካባቢና ከዚያ በላይ አዛወረው። ከዚያ በፊት የተሸጡት የኤፍ ኤም ሬዲዮዎች ከጨዋታ ውጪ ሆኑ። በ2017 ደግሞ ኖርዌይ ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም አወጣች፤ የቀሩት ትንንሽ የአካባቢ ጣቢያዎች ናቸው። ስለዚህ የድሮ ቲዩነር ከመግዛት በፊት የሚቀድመው ጥያቄ በሰፈሩ ምን ይሰማል የሚለው ነው።

10ቢን ራሱን ለማቆየት ያለው ጣጣ ብዙ ነው። የእርጅና ችግር ሁሉም ዕቃ ላይ አለ፤ ካፓሲተሮቹ ይደርቃሉ፣ ቫልቮቹ ይደክማሉ። የዚህ ልዩ ችግር መስታወቷ ናት። ስትደክም ምትክ ማግኘት ከባድ ነው። ውስጡም በጣም ከፍተኛ ቮልቴጅ ስላለ እጅ የሚከተትበት አይደለም። ማጣሪያውን ደግሞ መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ከነካው አለቀ። ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የጥቅልል ብሎኖች «እስቲ ላጥብቀው» ብሎ ያዞረ ሰው ስንቱን ጥሩ ቲዩነር እንደገደለ ጠጋኞች ይናገራሉ። ይህ ምክር ለማንኛውም የድሮ ቲዩነር ይሠራል።

በበኩሌ 10ቢ ለሰብሳቢ ነው እላለሁ። ለመስማት ለሚፈልግ ሰው የ1970ዎቹ ደህና የትራንዚስተር ቲዩነር ይበቃዋል። ያማሃ፣ ኬንዉድ፣ ሳንሱይ፣ ፓዮኒር በዚያ ዘመን በጣም ጥሩ ሠርተዋል። ከ10ቢ የሚወሰደው ቲዩነሩ ሳይሆን የአንቴናው ትምህርት ነው። መስታወት ባይኖርም ጆሮ ይበቃል። አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት ፕሮግራም ይያዝ። «ስ» እና «ሽ» ከተቀደዱ ስቴሪዮውን ወደ ሞኖ መለወጥ ነው። መቀደዱ ከጠፋ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የተንጸባረቀ ሞገድ ነው። ያኔ አንቴናውን በቀስቱ ሳይሆን በ«ስ»ዋ እየተመሩ ማዞር። አንቴናው ራሱ ውድ መሆን የለበትም። ሁለት ክንድ ያለው፣ እያንዳንዱ ክንድ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀላል ዳይፖል ጥሩ መነሻ ነው። ከቲዩነሩ ኋላ ወደ አምፕሊፋየሩ ቲዩነር ወይም ኦክስ ወደሚለው መግቢያ ማገናኘት፤ የሸክላ ማጫወቻው መግቢያ ውስጥ ግን በፍጹም።

አሜሪካኖቹ አንቴናቸውን ብዙ ጊዜ ኮርኒስ ላይ ይሰቅላሉ፤ ጣሪያቸው እንጨት ስለሆነ ሞገድ ያሳልፋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ምክር አይሠራም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ አንቴና ሞገዱ የሚመጣለት በጎን ብቻ ነው። ከቆርቆሮው በላይ ማውጣት ይሻላል፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ሰው በረንዳው ጫፍ ላይ ይሞክር። ከተማዋ በእንጦጦ፣ በየረርና በፉሪ ተራሮች መካከል ናት፣ አሁን ደግሞ በየቦታው ፎቅ በቅሏል። የኒው ዮርኩ ችግር እዚህም አለ።

ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ቲዩነር ሦስት ነገር ይታይበት። መጀመሪያ መብራቱ፤ 110 ቮልት የሆነ ዕቃ 220 ላይ ከተሰካ አለቀለት፣ ትራንስፎርመር የግድ ነው። ሁለተኛው ጣቢያ አያያዙ ነው። ለአሜሪካ የተሠሩ ዲጂታል ቲዩነሮች ብዙዎቹ የሚዘሉት በ0.2 ሜጋ ኸርዝ ስለሆነ መጨረሻው ጎዶሎ ቁጥር የሆነውን ብቻ ይይዛሉ። 97.1ን፣ 98.1ን፣ 102.1ን ያገኙታል፤ 107.8 ላይ ግን አይቆሙም። እንደ 10ቢ በእጅ የሚዞር የድሮ ቲዩነር ይህ ችግር የለበትም። ሦስተኛው ቀጭን ድምፅ ነው። የአሜሪካ ጣቢያዎች ከፍተኛውን ድምፅ ሲልኩ ከእኛ የበለጠ ከፍ አድርገው ስለሆነ ቲዩነራቸውም የበለጠ ዝቅ ያደርገዋል፤ የእነሱ መለኪያ 75 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ የእኛ 50። በአሜሪካ ቲዩነር የአዲስ አበባ ጣቢያ ሲሰማ ላይኛው ድምፅ እስከ 3 ዴሲቤል ገደማ ይደበዝዛል። ጽናጽሉ ይሸሻል፣ የማሲንቆው ጫፍ ይደነዝዛል። አንዳንዱ ቲዩነር ከኋላው መቀየሪያ አለው። ከሌለው በየቻናሉ አንዲት ካፓሲተር ወይም ሬዚስተር መለወጥ ነው፤ ብየዳ የለመደ ጠጋኝ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል።